ከባዱ ጥቁር ድንጋይ ታንታላይት ነው?

ጥያቄ፦ የምኖረው ቡራዩ ነው። ከጉጂ፣ ከቀንጢቻ አካባቢ የመጣ ጥቁር ከባድ ድንጋይ ሰጥተውኝ «ታንታላይት ነው» ብለውኛል። ቤት ውስጥ በምን ልለየው?

መልስ፦ ታንታላይት ታንታለም የሚባለው ብረት የሚገኝበት ማዕድን ነው፤ ቀንጢቻ ታንታለም የሚወጣበት መሆኑም እውነት ነው። ነገር ግን ታንታላይቱ በሚገኝበት ፔግማታይት በሚባለው ባለ ትልልቅ ቅንጣት አለት ውስጥ ቱርማሊን የሚባል ሌላ ጥቁር ማዕድንም ይኖራል፤ ብዙ ሰው የሚሸወደው በእሱ ነው። እጅ ላይ «ከበደኝ» ማለት ደግሞ አያስተማምንም፤ ክብደቱን በቁጥር ያውጡት።

0.1 ግራም የሚያነብ የወርቅ ሚዛን ይዋሱ። በወጥ ቤት ሚዛን አይሞክሩት፤ 20 ግራም በምትሆን ድንጋይ ላይ የ1 ግራም ስህተት ውጤቱን በሲሶ ሊያዛባው ይችላል። ነጭ ድንጋይ ያልተጣበቀበትን ንጹህ ቁራጭ መርጠው፣ አጥበው፣ ሲደርቅ ይመዝኑ። ከዚያ ውሃ ያለበት ብርጭቆ ሚዛኑ ላይ አስቀምጠው ወደ ዜሮ ይመልሱት። ድንጋዩን በቀጭን ክር አንጠልጥለው ሙሉ በሙሉ ውሃው ውስጥ ያስጥሙት። የብርጭቆውን ታች ከነካ ወይም አረፋ ከያዘ ንባቡ ከፍ ይልና ድንጋዩ ከእውነቱ ቀላል ሆኖ ይወጣል። ደረቁን ክብደት ለዚህ ንባብ ያካፍሉ፤ 84 ግራም የነበረው 12.9 ካነበበ፣ 6.5 ነው፤ ድንጋዩ በመጠን እኩል ከሆነው ውሃ 6.5 እጥፍ ይከብዳል ማለት ነው።

ከ3 በታች ከወጣ እዚያው ሰፈርዎ የሚፈለጥ ጥቁር ድንጋይ ሊሆን ይችላል። 3.2 ገደማ ቱርማሊን ነው። 5 አካባቢ ከሆነ ከተበላሸ ስፒከር ማግኔት ያውጡ፤ ጥብቅ አድርጎ ከያዘው ማግኔታይት የሚባል የብረት ማዕድን ነው። የሴራሚክ ንጣፍ ሻካራ ጀርባ ላይ ሲፈገፈግ እንደ ሸክላ የቀላ መስመር ከተወ ሄማታይት የሚባል ሌላ የብረት ማዕድን ነው። ኒዮቢየም የሚባለው ብረት የሚበዛበት የታንታላይት ዘመድ፣ ኮለምባይትም፣ ከዚሁ ከ5 ገደማ ይጀምራል፤ ታንታለሙ በበዛ ቁጥር ግን ቁጥሩ ወደ 8 ይጠጋል።

6.8 እስከ 7.1 ላይ ቲን የሚወጣበት ካሲተራይትም ይመጣል። ፍርፋሪውን ንጹህ ዚንክ ላይ አድርገው የቀጠነ ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ያንጠባጥቡበት። ጥቂት ደቂቃ ቆይቶ ግራጫ የብረት ሽፋን ከለበሰ ካሲተራይት ነው። ጓንት ያድርጉ፣ ደጅ ይሥሩ፣ እሳት አያቅርቡ።

ታንታላይት ዩራኒየምና ቶሪየም ሊይዝ ስለሚችል በደረቁ አይፍጩት፤ መኝታ ቤትም አያስቀምጡት።

ዋጋውን የሚወስነውን የታንታለምና የኒዮቢየም መጠን ግን ሚዛን አይነግርዎትም። ለዚያ ላብራቶሪ ሄደው የሁለቱን ኦክሳይድ በመቶኛ የሚያሳይ የኤክስ አር ኤፍ (በኤክስሬይ የሚደረግ) ምርመራ ይጠይቁ። ናሙናው ከአንድ ቁራጭ ሳይሆን ከክምሩ ከተለያየ ቦታ የተለቀመ ይሁን፤ ሻጭ የሚያሳየው ሁልጊዜ ምርጡን ነው።