የቴሌስኮፑን ሌንስ ከመወልወልሽ በፊት

ሰላም እህቴ። ጥያቄሽን ሳነብ ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም። የትምህርት ቤታችሁ የሳይንስ ክበብ ባለ 70 ሚሊሜትር ቴሌስኮፕ አለው። ደብረ ብርሃን ላይ ክረምቱን ሙሉ ስቶር ውስጥ ተዘግቶ ከረመ። አሁን መስከረም ላይ ስታወጡት ሌንሱ በስልክ መብራት ሲታይ ነጠብጣብ በነጠብጣብ ሆኗል፤ የጣት አሻራም አለበት። ከመለሱልሽ ሰዎች አንዱ "በሳኒታይዘር ጥረጊው" ብሏል። ሌላው "ፈትተሽ በሳሙና እጠቢው" ብሏል። እባክሽ ሁለቱንም አታድርጊ። ለዓመታት የራሴንም የሰውንም ቴሌስኮፕ ሳጸዳ ቆይቻለሁ። ተበላሽተው ያየኋቸውን ሌንሶች አብዛኞቹን የጎዳቸው አቧራ አይደለም፤ አቧራውን ለማንሳት ሲባል የተደረገው ጥረጋ ነው።

መጀመሪያ የስልኩን መብራት አጥፊው። ከጎን የሚመጣ ኃይለኛ መብራት እያንዳንዷን ብናኝ ያጎላታል። አዲስ ሌንስ እንኳ እንዲህ ሲታይ ያስደነግጣል። እስቲ ሒሳቡን እንየው። ዲያሜትሩ 1 ሚሊሜትር የሆነ ነጠብጣብ ከአንቺ ሌንስ ላይ የሚሸፍነው ከ4,900 እጅ አንዱን ብቻ ነው። እንዲህ ዓይነት 49 ነጠብጣቦች ቢኖሩ የሚጋርዱት ብርሃን 1 በመቶ ነው። ይህን ዐይን አይለየውም። ነጠብጣቡ ጨረቃዋ ላይ ተለጥፎ ይታየኛል ብለሽም አትስጊ፤ ሌንሱ ላይ ያለ ብናኝ ምስሉ ላይ ቅርጹ አይወጣም።

ምስል የሚያበላሸው ቅባት ነው። የጣት ወዝ ወይም ደርቆ የቀረ የጤዛ እድፍ ሌንሱን በስሱ ሲሸፍነው ብርሃኑን ይበትነዋል። ደመና በሌለበት ማታ ጨረቃ ላይ አነጣጥሪ። በዙሪያዋ ያለው ጥቁር ሰማይ ወተት የፈሰሰበት ከመሰለ ቅባት አለ ማለት ነው። ሰማዩ ጥቁር ከሆነ ግን ሌንሱን ተዪው። ሥራውን እየሠራ ነው።

ወተት ከመሰለም ዋናውን ሌንስ ከመንካትሽ በፊት አይፒሱን እዪው፤ ዐይናችንን የምናስጠጋበትን ትንሹን ሌንስ ማለቴ ነው። እኔ ባየሁት፣ ትምህርት ቤት ውስጥ ብዙ ጊዜ ጥፋቱ የሱ ነው። ደብረ ብርሃን ብርድ ነው፤ ልጆቹ ፊታቸውን ቫዝሊን ተቀብተው ይመጣሉ። ሲያዩ ሽፋሽፍታቸው መስታወቱን ይነካል። ኩል የተኳሉም ይኖራሉ። አንድ ክፍል ተማሪ ተሰልፎ ካየ በኋላ አይፒሱን ወደ መስኮት አዘንብለሽ እዪው። መሃሉ ላይ የቀስተ ደመና ቀለም ያለው የቅባት ክብ ታገኛለሽ፤ ጠርዙ ላይ ደግሞ የኩል ጥቁረት። ይህኛው በየጊዜው መጽዳት አለበት። ቢበላሽም ለብቻው ይተካል፤ ስለዚህ እጅሽን በሱ ላይ አለማምጂ። ልጆቹን ደግሞ ሲያዩ እጃቸውን ወደ ኋላ እንዲያጣምሩ አስተምሪያቸው። ይህች ልማድ ብቻዋን ብዙ ታድናለች።

ወደ ማጽዳቱ ስንመጣ፣ መጀመሪያ ሁልጊዜ አየር ነው። ለካሜራ የሚሸጥ የጎማ ብሎወር አለ። ካጣሽ ከፋርማሲ አዲስ የሕፃን አፍንጫ መሳቢያ ግዢ፤ እሱም ይሠራል። አቧራው እንዲረግፍ ሌንሱን ወደ ታች አዘንብለሽ ንፊው። በአፍሽ አትንፊ፣ ምራቅ ይረጫል። በቆርቆሮ የሚሸጠውን የታመቀ አየርም አልመክርሽም፤ አንዳንዴ ፈሳሹን ተፍቶ ሌንሱ ላይ እድፍ ይተዋል። ይህን ደረጃ እንዳትዘይው፤ የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ነው። አቧራ ውስጥ ደቃቅ የኳርትዝ አሸዋ አለ፤ ኳርትዝ ደግሞ ከመስታወት ይጠነክራል። ሳይነፋ ከተወለወለ ቅንጣቱ ሌንሱን እየጫረ ይጎተታል። በሌንሱ ላይ ያለው ኮቲንግ፣ ማለትም የብርሃን ነጸብራቅን የሚቀንሰው ስስ ሽፋን፣ በብዛት ማግኒዚየም ፍሎራይድ ነው፤ ውፍረቱ 100 ናኖሜትር ገደማ ነው። አንድ ሚሊሜትር ለመሙላት 10,000 እንዲህ ያለ ሽፋን መደራረብ አለበት። ከተጫረ ቤት ውስጥ የሚመልሰው የለም። ስለዚህ ነጠላ፣ የቲሸርት ጫፍ፣ ቦርሳ ውስጥ የከረመ የመነጽር ጨርቅ ወደ ሌንሱ እንዳይጠጋ።

ከነፋሽው በኋላም ቅባቱ ካለ ያኔ ፈሳሽ ይመጣል። ሽቶና ቀለም የሌለው አይሶፕሮፒል አልኮል እና ዲስቲልድ ውሃ እኩል በእኩል ቀላቅዪ። ግማሽ ሊትሩ ላይ አንዲት ጠብታ የዕቃ ማጠቢያ ፈሳሽ ሳሙና ጨምሪበት። ዲስቲልድ ውሃ ነዳጅ ማደያና የመኪና ዕቃ መሸጫ ታገኛለሽ፤ ለባትሪ የሚጨመረው ነው። ስትገዢ ግን ጽሑፉን አንብቢ፣ አጠገቡ የባትሪ አሲድም ይሸጣልና። የተፈላ የቧንቧ ውሃ አይተካውም፤ ሲፈላ ጨውና ማዕድኑ አይጠፋም። ሳኒታይዘሩን የከለከልኩሽ ብዙውን ጊዜ ግሊሰሪን ስላለበት ነው፤ አልኮሉ ይተናል፣ ግሊሰሪኑ ሌንሱ ላይ ይቀራል። አረቄ የሚሉሽም አይጠፉም። አረቄም ንጹሕ አልኮል አይደለም። አይፒስሽ ፕላስቲክ ከሆነ ደግሞ አልኮሉን ትተሽ ሳሙናና ዲስቲልድ ውሃውን ብቻ ተጠቀሚ።

ጥጡን ከፋርማሲ ግዢ፤ የገበያ ጥጥ ፍሬና ገለባ አያጣም። በፈሳሹ አርጥቢውና እስከማይንጠባጠብ ጭመቂው። ፈሳሹን በቀጥታ ሌንሱ ላይ ፈጽሞ አታድርጊ፤ በጠርዙ በኩል ሰርጎ ወደ ውስጥ ይገባል። ጥጡን ሌንሱ ላይ አሳርፊውና ሳትጫኚ ከመሃል ወደ ዳር አንድ ጊዜ ሳቢው። የጥጡ ክብደት ራሱ ይበቃል። የነካው ገጽ ተመልሶ ሌንሱን አይንካ፤ ጣዪውና ሌላ አንሺ። ሙጭጭ ያለ እድፍ ካለ ደግመሽ አርጥቢ እንጂ አትፈትጊ። በመጨረሻ በደረቅ ጥጥ እንዲሁ በቀስታ አድርቂው። ትንሽ ጥላ ከቀረ ይቅር።

ስለ መፍታቱ። የፊተኛው ሌንስ አንድ ይመስላል እንጂ ከሁለት ዓይነት መስታወት የተሠሩ ሁለት ሌንሶች ናቸው። አንዱ የሌላውን የቀለም መዛነፍ ያርማል። በመሃላቸው ያለው ክፍተትና አንዱ ከሌላው አንጻር የተቀመጠበት አቅጣጫ ሲሠራ የተስተካከለ ነው። ፈትቶ የገጠመ ሰው ሌንሱ ቢጸዳለትም ኮከቡ እንደ ድሮው ነጥብ ሆኖ አይታየውም።

አሁን እኔን የሚያሳስበኝ ክረምቱ ነው። ነጠብጣቦቹን ቀን ብርሃን ላይ በማጉያ መነጽር እያቸው። ቅርንጫፍ ያወጣ ቀጭን ክር ካየሽ አቧራ አይደለም፣ ሻጋታ ነው። ሻጋታ ኮቲንጉን እየበላ ይሄዳል። ከውጭ ከሆነና ገና ከጀመረ በዚያው በአልኮሉ ውህድ ይነሳል። ከሁለቱ ሌንሶች መሃል ከሆነ ግን የካሜራ ሌንስ ለሚጠግን ባለሙያ ስጪው። "ፀሐይ ይግደለው" ብሎ ሌንሱን ወደ ፀሐይ ማዞር ጨርሶ አይሞከርም፤ ብርሃኑን ሰብስቦ ቱቦውንም ቤቱንም ያቃጥላል።

ለሚቀጥለው ክረምት ሳጥኑን ከሲሚንቶው ወለል አንሺና መደርደሪያ ላይ አድርጊው። ከጫማ ካርቶን ውስጥ የሚገኙትን የሲሊካ ጄል ከረጢቶች አጠራቅመሽ ክተቺበት፤ እርጥበት ሲጠግቡ ቀይሪያቸው። ሩዝ አትጨምሪ፤ ዱቄቱ ራሱ ቆሻሻ ነው። ፀሐይ በወጣ ቀን ሳጥኑን ጥላ ውስጥ ከፍተሽ አናፍሺው። ማታ ጤዛ ከያዘውም አትጥረጊው። ክፍል ውስጥ ክዳኑን ከፍተሽ ተዪው፣ በራሱ ይደርቃል። እርጥብ ሌንስ ላይ ክዳን መግጠም ሻጋታን መጋበዝ ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። ሐምሌ 26 ቀን 2019 ዓ.ም. የፀሐይ ግርዶሽ አለ። ደመናው ከፈቀደ ከእኛም አገር በከፊል ይታያል፤ ክበባችሁም ቴሌስኮፑን ማውጣቱ አይቀርም። ከፊት ሌንሱ ፊት የሚገጠመውን የፀሐይ ፊልተር እንደ ሌንስ አታጽጂው። አቧራውን በብሎወር ብቻ ንፊው። ከዚያ በአምፖል ፊት ይዘሽ ፈትሺው። በመርፌ የተወጋ ያህል እንኳ ብርሃን ካሳለፈ ጣዪው፤ የልጆቹ ዐይን ነው።

የነጠብጣቡን ፎቶ በቅርብ አንስተሽ እዚሁ ለጥፊው። ሻጋታ መሆን አለመሆኑን አይቼ እነግርሻለሁ።