«ሲቪዬን ከፍተው ያዩታል ወይ?» ላልሽው እህቴ፣ የስራ ማመልከቻ ማጣሪያ ላይ ቁጭ ብዬ ያየሁትን ልንገርሽ

ሰላም እህቴ፣ ትናንት ማታ የጻፍሽውን አንብቤ ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም። «በ2015 በአካውንቲንግ ተመረቅኩ፣ መውጫ ፈተናውንም አለፍኩ፣ አንድ መድሃኒት አከፋፋይ ጋር አንድ ዓመት ከሁለት ወር ሰርቼ ለቀቅኩ፣ ከዛ ወዲህ ከ60 በላይ ቦታ አመልክቼ ለፈተና እንኳን የጠራኝ የለም፣ ለመሆኑ ከፍተው ያዩታል ወይስ ሁሉም በዘመድ ነው?» ነው ያልሽው። እኔ አዲስ አበባ ውስጥ ዘጠኝ ዓመት ሰው ኃይል ላይ ሰርቻለሁ፣ መጀመሪያ አስመጪ ድርጅት ውስጥ፣ አሁን ደግሞ ኤንጂኦ ነኝ። ስለዚህ የማወራሽ ሰምቼ ሳይሆን በእጄ የሰራሁትን ነው።

ይከፈታል። ግን መክፈትና ማንበብ ለየቅል ናቸው።

አንዴ ለሁለት ጁኒየር አካውንታንት ማስታወቂያ አወጣን፣ በሰባት የስራ ቀን ውስጥ ከአራት መቶ በላይ ሰው አመለከተ። ግማሹ በኢሜይል ነው፣ ግማሹ በአካል መጥቶ ሪሴፕሽን ያስቀመጠው ካኪ ፖስታ በካርቶን ተሞልቶ ቢሮዬ መጣ። የምናጣራው እኔና አንዲት ባልደረባዬ ነን፣ ከፋይናንስ የተመደበው ሰውዬ ከሰዓት ብቻ ነው የሚመጣው፣ ሳምንቱ ደግሞ ደሞዝ የሚሰራበት ሳምንት ነበር። ኤክሴል ከፈትን፦ ስም፣ ጾታ፣ የትምህርት ዓይነት፣ የተመረቀበት ዓመት፣ ውጤት፣ ከምረቃ በኋላ የተገኘ አግባብ ያለው የስራ ልምድ፣ የስራ ግብር፣ መጨረሻ ላይ «ምርመራ» የምትል ዓምድ። እሷ ወረቀቱን እያገላበጠች ትነግረኛለች እኔ እሞላለሁ። ለአንድ ሰው አንድ ደቂቃ፣ ግፋ ቢል ሁለት። ያቺ ምርመራ የምትለዋ ዓምድ ላይ «ልምድ አያሟላም»፣ «ማስረጃ አልተያያዘም»፣ «ዓመቱ ግልጽ አይደለም» እያልን ስንሞላ ውለን ስንሞላ አመሸን። በመጨረሻ ለጽሑፍ ፈተና የጠራነው ሰላሳ ሰው ነው።

እና ልብ እንድትይልኝ የምፈልገው ይሄን ነው፣ እዚህ ደረጃ ላይ ጎበዝ የሚፈልግ ሰው የለም። ጉብዝናሽ የሚታየው ፈተናና ኢንተርቪው ላይ ነው። ማጣሪያ ላይ የሚሰራው ማስታወቂያው ላይ የተጻፈውን መስፈርት ያላሟላውን ማውጣት ብቻ ነው፣ ምክንያቱም አራት መቶ ሰው መፈተን አይቻልም፣ ደግሞ ቃለ ጉባኤ ተይዞ ይፈረማል፣ ነገ ኦዲተር መጥቶ ይሄን ለምን ጠራችሁ ያኛውን ለምን ጣላችሁ ቢል መልሱ ወረቀት ላይ መኖር አለበት። ስለዚህ የምታሟዪ ሆነሽ ወረቀትሽ ላይ ካልታየ እንዳላሟላሽ ነው የሚቆጠረው።

በጣም ብዙ ሰው የሚወድቅበትን ልንገርሽ፣ አንቺም አንዷ እንዳትሆኚ እፈራለሁ። ዓመተ ምህረት! ሲቪሽ በእንግሊዝኛ ነው አይደል? እዛ ላይ የተመረቅሽበትን 2015 ብለሽ ብቻ ጽፈሽ ከሆነ የሚያጣራው ሰው የፈረንጅ ነው ብሎ ነው የሚያነበው። በፈረንጅ 2015 የተመረቀ ማለት ደግሞ የዛሬ አስር ዓመት ገደማ የተመረቀ ማለት ነው፣ እና ከዛ ወዲህ ያለሽ ልምድ አንድ ዓመት ከሁለት ወር ብቻ ይሆናል፣ ይቺ ልጅ ይሄን ሁሉ ዓመት የት ነበረች ይባልና ይታለፋል። ማስታወቂያው «በ2021 እና ከዚያ ወዲህ የተመረቀ» የሚል ከሆነማ ጭራሽ ምርመራ ውስጥም አትገቢም፣ በቀጥታ ነው የምትወጪው። የአንቺ ሐምሌ 2015 በፈረንጅ ጁላይ 2023 ነው። ከመስከረም 1 እስከ ታህሳስ 22 አካባቢ 7 ትደምሪያለሽ፣ ከዛ እስከ ጳጉሜ መጨረሻ ደግሞ 8 ትደምሪያለሽ። ሲቪው እንግሊዝኛ ከሆነ ሁሉንም ወደ ፈረንጅ ቀይሪና ጎኑ ላይ የማን አቆጣጠር እንደሆነ ጻፊ፣ ወሩንም አትተዪ። እኔ አንዱ ጋር የእኛን አንዱ ጋር የፈረንጁን ቀላቅሎ የጻፈ ሰው አይቻለሁ፣ ሲሰላ ሳይመረቅ በፊት የሁለት ዓመት ልምድ ያለው ሆኖ ተገኘ፣ ውሸታም መስሎ ወደቀ፣ ልጁ ግን ውሸታም አልነበረም።

ሁለተኛው የስራ ልምድ ወረቀቱ ነው። ብዙ ማስታወቂያ ላይ «የስራ ልምዱ ከግል ድርጅት ከሆነ የስራ ግብር የተከፈለበት መሆኑን የሚገልጽ ማስረጃ» የሚል አለ፣ ሰው አንብቦት ያልፈዋል እንጂ አያያይዝም። ይሄ የመጣው ዝም ብሎ አይደለም፣ የጎረቤት ሱቅ ማህተም አስመትቶ የሶስት ዓመት ልምድ የሚያመጣ ስለበዛ ነው፣ ግብር ተቆርጦ የገባለት ሰው ግን በእርግጥ እንደሰራ ይታወቃል። ጡረታም እንደዛው፣ ከአንቺ 7 ከአሰሪሽ 11 ፐርሰንት ሲገባልሽ ከቆየ እሱም ማስረጃ ነው። ልምድሽ የሚቆጠረው ደግሞ ከምረቃ በኋላ ያለው ነው፣ ተማሪ ሆነሽ የሰራሽውንና ኢንተርንሺፕሽን ሲቪ ላይ ጻፊው፣ ዓመት ውስጥ ግን አትደምሪው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልናዘዝ። አስመጪው ጋር እያለሁ ለስቶር ኪፐር ካመለከቱት ውስጥ አንድ ሰውዬ ነበር፣ የህንጻ መሳሪያ መሸጫ ውስጥ የሰራ። የስራ ልምዱ ላይ «ከ2009 ጀምሮ በድርጅታችን በታማኝነት ሲያገለግል ቆይቷል» ነው የሚለው፣ በቃ። በምን የስራ መደብ? እስከ መቼ? የለም። «ልምድ ማስላት አልተቻለም» ብዬ ጻፍኩና ወደሚቀጥለው ሄድኩ። ሰውዬው ከወር በኋላ በአካል መጣ፣ የአምስት ዓመት የደሞዝ ወረቀቱን በክር አስሮ ይዞት ነበር፣ ሪሴፕሽን ቆሞ አንድ በአንድ እየፈታ አሳየኝ። ሁሉንም ያሟላ ነበር። ቦታው ግን ተይዟል፣ ምን ልበለው? ያቺ ክር እስከዛሬ ከዓይኔ አልጠፋችም። ከዛ በኋላ አለቃዬን ለምኜ ወረቀቱ ግልጽ ያልሆነ ሰው ከመጣሉ በፊት አንዴ ይደወልለት የሚል አሰራር አስገባን፣ ግን ሌላ ቦታ ያለው አጣሪ ይደውላል ብለሽ እንዳትጠብቂ፣ አብዛኛው አይደውልም።

ባንክ ላይ ደግሞ ትንሽ ይለያል። ለጁኒየር ትሬኒ ማስታወቂያ ሲያወጡ የሚያመለክተው ሰው በሺህ ነው የሚቆጠረው፣ ስለዚህ ኦንላይን ፎርም ያስሞሉና ዓመትና ሲጂፒኤ (አማካይ ውጤት) ላይ መቁረጫ ያስገባሉ፣ ከመቁረጫው በታች ያለውን የሰው ዓይን አያየውም። አንዳንዱ ጋር ለሴት መቁረጫው ዝቅ ይላል፣ ስለዚህ ጾታ የሚለውን ሳጥን ሳትሞዪ እንዳታልፊ። ውጤትሽን ትራንስክሪፕቱ ላይ እንዳለ ጻፊ፣ 2.97 ሆኖ 3 ብለሽ ከሞላሽ ኋላ ኦሪጅናል ሲታይ ትወድቂያለሽ፣ ያኔ ደግሞ በሐሰተኛ መረጃ ነው የሚባለው፣ ስምሽ ላይ ይቀራል።

ዘመድስ? አልዋሽሽም፣ አለ። ስም የተጻፈባት ብጣሽ ወረቀት ጠረጴዛዬ ላይ ተቀምጣ «ይቺን እያት» የተባልኩበት ቀን አለ፣ ያናድዳል፣ ያሳፍራልም። ግን በዘጠኝ ዓመት ውስጥ ማጣሪያ ላይ ሲወድቁ ካየኋቸው ሰዎች ውስጥ የሚበዙት የወደቁት በወረቀት ነው፣ በዘመድ አይደለም። ይሄን የምልሽ ተስፋ እንዳትቆርጪ ብዬ ብቻ ሳይሆን እውነቱ ስለሆነና ወረቀቱን ማስተካከል በእጅሽ ስላለ ነው።

የቀሩት ትናንሽ ናቸው ግን ይቆጠራሉ። የኢሜይሉ ርዕስ ላይ ያመለከትሽበትን የስራ መደብ ጻፊ። ዲግሪ፣ ትራንስክሪፕት፣ የመውጫ ፈተና ውጤት፣ የስራ ልምድ፣ ሁሉንም በአንድ ፒዲኤፍ አድርጊው፣ ስሙንም በራስሽ ስም ሴቭ አድርጊ፣ አስራ ሁለት የስልክ ፎቶ የተላከበት ኢሜይል አጋጥሞኝ ያውቃል፣ ግማሹ ላይ የፎቶ አንሺው ጥላ ወድቆ ማህተሙ አይታይም። ማመልከቻ ደብዳቤ ላይ የሌላ ድርጅት ስም ሳይጠፋ የቀረ ስንቱ ነው መሰለሽ። ስልክ ሁለት ስጪ፣ አንዱ የእናትሽ ወይ የእህትሽ ይሁን፣ ሾርት ሊስት ውስጥ ለገቡት፣ ማለትም ማጣሪያውን ላለፉት ስንደውል ሁለቴ ሞክረን ካልተገኘ ወደሚቀጥለው ነው የምንሄደው። በማታውቂው ቁጥር ቢደወልልሽም አንሺ። እና ከኢንተርቪው በፊት ለፎርም ለምዝገባ ምናምን ብሎ ብር የሚጠይቅሽ ካለ አጭበርባሪ ነው፣ ዝጊው።

አሁን ምን ላድርግ ካልሽኝ፣ ሌላ ቦታ ከማመልከትሽ በፊት መድሃኒት አከፋፋዩ ጋር ሂጂ። የሰጡሽን ወረቀት አውጥተሽ እዪው፣ የስራ መደብሽ፣ የጀመርሽበትና የለቀቅሽበት ቀን ከነወሩ፣ ደሞዝሽ፣ የስራ ግብር ሲቆረጥ እንደነበር፣ ይሄ ሁሉ ከሌለበት አዲስ አስጽፊ። ልመና አይደለም እሺ፣ የአሰሪና ሰራተኛ አዋጅ 1156/2011 ላይ አሰሪ ሰራተኛው የሰራውን ስራ፣ የቆየበትን ጊዜና ደሞዙን የሚገልጽ ምስክር ወረቀት በነጻ የመስጠት ግዴታ አለበት። ብቻ እንደምታውቂው ሰኔ ከገባ ሒሳብ መዝጋት ነው፣ ሐምሌም ቆጠራና ግብር ስለሆነ ማንም አያዳምጥሽም፣ ስለዚህ በዚህ ሳምንት ሂጂ። ወረቀቱን ስትቀበዪ እዛው ቆመሽ ቀኑን አንብቢና በፎቶ ላኪልኝ፣ ስልክሽንና ስምሽን ሸፍነሽ፣ ማታ ከስራ ስወጣ አየዋለሁ።