ድመቷ ተኝታ ሳለ ትንፋሿን ቁጠሩ

ሰሞኑን የደረሱኝን ጥያቄዎች ሳገላብጥ ግማሹ ስለ ድመት ልብ ሆኖ አገኘሁት። ውሻ ልቡን ሲያመው ያስላል፣ መንገድ ላይ ይደክመዋል፣ ባለቤቱም ቶሎ ይነቃል። ድመት ግን ቀኑን ሙሉ ብትተኛ ማን ይጠረጥራል? «ሰነፈች» ተብላ ትታለፋለች። ስለዚህ የዛሬውን አምድ ለልብ ሰጥቼዋለሁ።

«የአራት ዓመት ድመቴን ለክትባት ወሰድኳት። ሐኪሟ ልቧ ላይ ተጨማሪ ድምፅ ሰማሁ፣ ከስድስት ደረጃ ሁለተኛው ነው ብላ የልብ አልትራሳውንድ አዘዘች። ዋጋው አይቀመስም። ድመቷ ደግሞ ቤቱን እየዞረች ትፈነጫለች። የግድ ነው?» (ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ)

ድምፁ በራሱ በሽታ አይደለም። ድመት ሐኪም ቤት ስትገባ ትፈራለች፣ ልቧ ይፈጥናል፣ ጤነኛ ልብም ያኔ ድምፅ ሊያሰማ ይችላል። የሚያስቸግረው ተቃራኒው ነው፦ ልባቸው የታመመ ብዙ ድመቶች ምንም ድምፅ አይሰማባቸውም። በዚያ ላይ ኩርር ማለት ከጀመረች ሌላ ነገር መስማት ዘበት ነው። እኔ እንዲህ ሲገጥመኝ የእጅ መታጠቢያውን ቧንቧ እከፍታለሁ። ውሃው ሲንሿሿ ጆሮዋን ቀስራ ጸጥ ትላለች። በዚያች አፍታ የሰማሁትን ሰማሁ ነው።

ድመት ላይ በብዛት የሚታየው የልብ ሕመም የልብ ጡንቻ መወፈር ነው፤ ሐኪሞች ሃይፐርትሮፊክ ካርዲዮማዮፓቲ ይሉታል። ከ100 ድመት 15 ያህሉ እንዳለባቸው ይገመታል፤ ብዙዎቹ ግን ምንም ሳይሰማቸው ይኖራሉ። ችግሩ ያለው በግራው የታችኛው የልብ ክፍል ነው። ግድግዳው ወፍሮ ድርቅ ስለሚል እንደልቡ አይላላም፣ ደም በደንብ አይሞላበትም። ደሙ ወደ ኋላ ይጠራቀማል፣ የላይኛው ክፍል ይለጠጣል፣ ሲብስ ሳንባ ውስጥ ውሃ ይቋጥራል። ግድግዳው ከ5 ሚሊሜትር በታች ከሆነ ጤነኛ ነው፤ 6 ከደረሰ ወፍሯል እንላለን። ይህችን የአንድ ሚሊሜትር ልዩነት የሚያሳየን አልትራሳውንድ ነው። ኤክስሬይ የሳንባውን ውሃ ያሳያል እንጂ የግድግዳውን ውፍረት አይለይም።

ገንዘቡ ከከበደሽ ኤንቲ-ፕሮቢኤንፒ የሚባለውን የደም ምርመራ ጠይቂ። ልብ ሲወጠር ደም ውስጥ የሚበዛ ነገር ነው የሚለካው። ውጤቱ ከፍ ካለ አልትራሳውንዱን እንዳትዘይው። ዝቅ ካለ ከባድ ሕመም የመኖሩ ዕድል ጠባብ ነው፣ ጀማሪውን ግን ሊያመልጠው ይችላል። ማደንዘዣ ወይም የስቴሮይድ መርፌ ከታሰበላት ግን ሁለቱም የታመመ ልብን ሊያስጨንቁ ስለሚችሉ እኔ ብሆን ተበድሬም አሳያታለሁ።

«እቤት ሆኜ ራሴ የማይበት መንገድ የለም?» (ከገርጂ፣ አዲስ አበባ)

አለ፣ ነፃም ነው። ድብን ብላ ስትተኛ ደረቷን ተመልከት። አንዴ ተነስቶ ሲወርድ አንድ ትንፋሽ ነው። 30 ሰከንድ ቁጠርና በሁለት አባዛው። በደቂቃ ከ30 በታች ከሆነ ጥሩ ነው። ኩርር እያለች ወይም በሕልሟ እግሯን እያወራጨች የቆጠርከው አይያዝም። ለአንድ ሳምንት እየቆጠርክ ፍሪጁ ላይ በለጠፍከው ወረቀት ጻፈው፤ የራሷን ልማድ ታውቃለህ። ደጋግሞ ከ30 ካለፈ ሐኪም ጋ ደውል። አፏን ከፍታ እንደ ውሻ ካለከለከች ግን መቁጠሩን ተወው። ካርቶን ውስጥ አስገብተህ ያኔውኑ ይዘሃት ሂድ። አትታገላት፣ ውሃም አትጋታት።

ብታስል ግን በልብ አትፍረድ። ድመት ልቧን ሲያማት እምብዛም አታስልም፤ አስም ሊሆን ይችላል።

«ልጄ፣ እኛ ቤት ጾም ሲገባ ሥጋ የለም። ድመቲቱም እንጀራ በሽሮ ነው የምትበላው። ጎረቤቴ ልቧን ይጎዳል አለችኝ። እውነት ነው?» (ከጎንደር)

እማማ፣ ጎረቤትዎ አልተሳሳቱም። ቶሪን የሚባል ነገር አለ። ድመት በበቂ መጠን ራሷ ልትሠራው ስለማትችል ከሥጋና ከዓሣ ነው የምታገኘው። ሽሮ ውስጥ የለም። ለረጅም ጊዜ ሲጎድልባት ልቧ ይሰፋል፣ ይላላል፣ ደም የመግፋት ጉልበት ያጣል። ዓይኗም ይጎዳል። ይህን በ1987 ያሳዩት በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ዴቪስ የነበሩት ፖል ፒዮንና ባልደረቦቻቸው ናቸው። የሚገርመው፣ የታመሙት ድመቶች የሚበሉት የፋብሪካ ምግብ ነበር! ቶሪን ሲሰጣቸው ልባቸው አገገመ፤ አምራቾቹም መጠኑን ጨመሩ። የዚህ ሕመም ደጉ ነገር በጊዜ ከተደረሰበት መመለሱ ነው።

«ድመት መንኩሳ አመሏን አትረሳ» እንል የለ? እርስዎ ይጹሙ፣ እሷን አያስጹሟት። ከሥጋ ቤት ትንሽ የበሬ ልብ ያስመጡላት፣ ያለ ጨውና ያለ ሽንኩርት ይቀቅሉላት። መረቁን አይድፉት፤ ቶሪን ውሃ ውስጥ ይቀራል። አይጥ የምታድን ከሆነማ ጾሙን ድሮ ፈታዋለች፤ አይጥ ቶሪን አላት።

«ሌሊት ድመታችን ጮኸ። ስንነሳ የኋላ እግሮቹን ይጎትታል። ከሶፋ ወድቆ ነው ብለን እስኪነጋ ጠበቅን። ሐኪሙ የረጋ ደም ነው አለን፣ በማግሥቱ ሞተ። ያኔውኑ ብንሮጥ ይተርፍ ነበር?» (ከነታንያ፣ እስራኤል)

በጣም አዝናለሁ። በተለጠጠው የልብ ክፍል ውስጥ ደም ይረጋል፤ ከዚያ ተነቅሎ ይወርድና ትልቁ የደም ሥር ለሁለቱ እግሮች የሚከፈልበት ቦታ ላይ ይሰነቀራል። እግሮቹ ይቀዘቅዛሉ፣ መዳፋቸው ይገረጣል ወይም ይጠቁራል። ብዙ ጊዜ ከዚያች ሌሊት በፊት ምንም ምልክት አይታይም። ብትሮጡ ሥቃዩ በመርፌ ቶሎ ይበርድለት ነበር፤ ስለ መትረፉ ግን ማንም ቃል ሊገባላችሁ አይችልም፣ ሕክምና አግኝተውም የሚሞቱት ብዙ ናቸው። ራሳችሁን አትውቀሱ።

ይህ ገጥሟቸው ለተረፉት ክሎፒዶግሬል የሚባል ደም እንዳይረጋ የሚያደርግ መድኃኒት ይታዘዛል። በ2015 የወጣ የ75 ድመቶች ጥናት ከአስፕሪን ጋር አወዳድሮት ነበር። ደም ዳግም እስኪረጋ ድረስ ያለው መካከለኛ ጊዜ በአስፕሪን 192 ቀን፣ በክሎፒዶግሬል 443 ቀን ሆነ። የሰው 75 ሚሊግራም ኪኒን ሩቡ፣ በቀን አንዴ፣ ሐኪም ሲያዝ ብቻ። እንደ ኮሶ ይመራል፤ ባዶ ካፕሱል ውስጥ ካልከተታችሁት አረፋ ትደፍቅባችኋለች።

«ሜይን ኩን የሚባለውን ዝርያ ድመት ልገዛ ነው። ሻጩ የዘር ምርመራው ንጹሕ ነው ይላል። ልመነው?» (ከዱባይ)

ወረቀቱን እመኚ፣ ልቧን ግን በወረቀቱ ብቻ አትመኚ። ምርመራው የሚፈልገው በ2005 በሜይን ኩን ላይ የተገኘውን አንድ የዘር ለውጥ ነው። እሱ ሳይኖርባቸውም የሚታመሙ አሉ። የእናትና የአባቷን የልብ አልትራሳውንድ ውጤት ጠይቂ። ካንገራገረ ሌላ ሻጭ ፈልጊ።

«ድመቴ 12 ዓመቷ ነው። ትበላለች ትበላለች፣ ግን እየከሳች ነው። ደረቷን ስነካ ልቧ በጣም ይፈጥናል። እኔ የምወስደው የግፊት ኪኒን ይሆናት ይሆን?» (ከሐዋሳ)

ኪኒኑን ወደ ቦታው ይመልሱት። እየበሉ መክሳት በዚህ ዕድሜ መጀመሪያ አንገት ላይ ያለውን ዕጢ፣ ታይሮይድን ነው የሚያስጠረጥረው። የታይሮይድ የደም ምርመራ ያሠሩላት፣ የደም ግፊቷም ይለካ። ታይሮይድ ሲበዛም ሆነ ግፊት ሲጨምር የልብ ጡንቻ ይወፍራል፤ ለሁለቱም መድኃኒት አለ። ግፊቷ ሲለካ ዘንቢሏ ውስጥ እንዳለች፣ የለመደችው ፎጣ ላይ ትሁን። ከፈራች ቁጥሩ ይዋሻል።