ብርዱ ነቀዙን ለምን አልፈጀውም?

ጥያቄ፦ «የምጽፈው ከደሴ አጠገብ ካለው ከደጋው ቦሩ ሜዳ ነው፤ ስልኩ የልጄ ነው። ብርዱ ነቀዙን ይፈጀዋል ሲሉኝ ዝም ብዬ ጠበቅሁ። ይኸው ጥር ገባ፣ አዲሱ ስንዴ ግን ዱቄት እየሆነ ነው። ማጀት ያለው ማዳበሪያ ውስጥ እጄን ስሰድ ደግሞ ይሞቃል። ኪኒን ልጨምርበት? ስንት ፍሬ ይበቃል?»

መልስ፦ እናቴ፣ የነቀዝ መግደያውን ኪኒን ለጊዜው ይተዉት፤ እመለስበታለሁ።

ስንዴዎ ተወቅቶ ከገባ ገና ሳምንታት ቢሆኑት ነው። ነቀዝ ሞቃት ቦታ እንኳ ከእንቁላል ተነስቶ ለመድረስ አምስት ሳምንት ያህል ይፈጅበታል፤ በእናንተ አየር ደግሞ ወራት። ስለዚህ ይህ ሁሉ ነቀዝ አዲሱ ስንዴ ላይ የተፈለፈለ አይመስለኝም። ከአምናው የተላለፈ ነው። ወይ አዲሱን በትርፉ ላይ ጨምረውታል፣ ወይ የአምናውን ማዳበሪያ አራግፈው ብቻ መልሰው ሞልተውታል። አይቆጡኝ እንጂ ይህን በየቤቱ አያለሁ። ትርፉ ለብቻው ተለቅሞ ቀድሞ መበላት አለበት።

ብርድ ይፈጀዋል ያሉዎት ሰዎች ጭራሽ አልተሳሳቱም። ከ15 ዲግሪ በታች ነቀዝ መራባቱን ያቆማል። ግን ደንዝዞ ይቆያል እንጂ ቶሎ አይሞትም። እሱን ለመግደል ውሃ የሚያረጋ ብርድ ለብዙ ቀናት ሳያቋርጥ እስከ እህሉ መሃል መዝለቅ ይኖርበታል። የእናንተ ውርጭ ሌሊት ወርዶ ጠዋት ይለቃል፤ ማጀት ውስጥ ደግሞ ምድጃ ይነዳል። እንቁላሉና ትሉ ያሉትም ፍሬው ውስጥ ነው፤ እናቲቱ ስንዴውን ቦርቡራ እንቁላሏን ትጥልና ቀዳዳውን ትደፍነዋለች። ነቀዝ ሲበዛ እህሉን ራሱ ያሞቀዋል። እጅዎ ያገኘው ሙቀት ይኸው ነው።

እኔ የምመክርዎ ፀሐይ ነው። ማስጣትማ እናውቃለን ይሉኝ ይሆናል። ሰሌን ላይ ሲሰጣ ግን ነቀዙ ሮጦ ጥላ ይገባል፣ ፍሬው ውስጥ ያለው ትልም ይተርፋል። መሸፈን አለበት። ደሴ ገበያ ሲሄዱ ጥቁር ላስቲክና ብርሃን የሚያሳልፍ ነጭ ላስቲክ በሜትር ያስቆርጡ።

መጀመሪያ እህሉን ከቤት ራቅ አድርገው በወንፊት ይንፉ። ብናኙንና ነቀዙን ለዶሮ ይስጡ፤ መድኃኒት የነካው ከሆነ ግን ይቅበሩት። ከዚያ ሜዳ ቦታ ላይ ጭድ ይጎዝጉዙ፤ ጭዱ የመሬቱ ቅዝቃዜ ሙቀቱን እንዳይስበው ይከላከላል። በላዩ ጥቁሩን ላስቲክ ያንጥፉ፣ ስንዴውን ከሁለት ጣት ውፍረት ሳያስበልጡ ይበትኑ፣ በነጩ ላስቲክ ይሸፍኑና ዙሪያውን በድንጋይ ጥርቅም አድርገው ይያዙት። ፀሐይዋ በጠነከረችበት ከአራት ሰዓት እስከ ስምንት ሰዓት ይቆይ። እህሉ ከ55 ዲግሪ በላይ ከሞቀ ነቀዙም፣ ትሉም፣ እንቁላሉም ያልቃል። ሙቀት መለኪያ ከሌለዎት መሃሉ ላይ እጅዎን ይክተቱ፣ ካቃጠለዎት ሙቀቱ እየሠራ ነው ማለት ነው። ደመና ከመጣ በሚቀጥለው ቀን ይድገሙት። ላስቲኩ ከውስጥ ውሃ ካንጠባጠበ እህሉ እርጥብ ነውና ገልጠው መጀመሪያ ያድርቁት።

ማዳበሪያዎቹንም ገልብጠው እዚያው ላስቲክ ስር ያስገቡ። እህሉን ጥላ ስር አቀዝቅዘው፣ ጤዛ ሳይወርድበት ያን ቀን ማታውን ይክተቱት። ከምድጃው አርቀው፣ ከግድግዳው ፈቀቅ አድርገው በርብራብ ላይ ያቁሙት። አቅም ካለ ውስጡ ድርብ ላስቲክ ያለው፣ አየር የማያስገባው ከረጢት ይሻላል።

ለዘር ያስቀመጡትን ግን ከዚህ አያስገቡ፤ ሙቀቱ ብቅለቱን ሊጎዳው ይችላል። ለብቅል ያሰቡት ገብስ ካለም እንደዚሁ።

ኪኒኑን በተመለከተ፣ ስንት ፍሬ እንደሆነ አልነግርዎትም። እርጥበት ሲነካው ሰው የሚገድል ጋዝ ያወጣል። ማዳበሪያ ጋዝ አይቋጥርም፤ ነቀዙ ይተርፍና ማጀት ጥግ የተኛ ልጅ ይመረዛል። ገዝተውት ከሆነ ቤት ውስጥ አያስቀምጡት፣ ውሃም አያስነኩት፤ የቀበሌያችሁን የግብርና ባለሙያ ጠርተው ያስረክቡት።

በወሩ እጅዎን እንደገና ወደ እህሉ ይስደዱ። ሞቆ ካገኙት የበልጉ ዝናብ ሳይጥል አንድ ጊዜ ይድገሙት።