«ቶሎ ተገኘልሽ፣ ተመስገን በይ» ለተባልሽው እህቴ

ውድ እህቴ፣ እንኳን እግዚአብሔር ማረሽ። በጡት ካንሰር ምክንያት ጡትሽን በቀዶ ሕክምና ካስወጣሽ ሦስት ሳምንት እንደሆነሽ፣ ክንድሽን ከትከሻሽ በላይ ማንሳት እንዳቃተሽ፣ ሐኪሞቹ «ገና በመጀመሪያ ደረጃ ላይ ነው» እያሉሽ አንቺ ግን ሌሊት ሌሊት እንደምታለቅሺ ጽፈሻል። «ምስጋና ቢስ ሆኜ ይሆን?» ብለሽም ጠይቀሻል። አልሆንሽም።

እኔ ግራ ጡቴን ያጣሁት ከስድስት ዓመት በፊት ነው። ውጤቱን አስቀድሞ የሰማው ታላቅ ወንድሜ ነበር፤ ቤተሰቡ ካንሰር መሆኑን ሁለት ሳምንት ሙሉ «ተራ እጢ ነው» እያለ ሸሸገኝ። ከሆስፒታል ስወጣ አራት ኪሎ ያለው ቤቴ በጠያቂ ሞላ። ብርቱካንና አምቦ ውኃ ይዞ የገባ ሁሉ «ቶሎ ተገኘልሽ፣ ተመስገን በይ» ይለኛል። እውነታቸውን ነው፤ በአገራችን ብዙዎቹ ሴቶች ሐኪም ፊት የሚቀርቡት በሽታው ከተስፋፋ በኋላ ነው። ግን ያ ቃል አፌን ዘጋው። ባለቅስ ፈጣሪን ያማረርኩ መሰለኝ። ሰው ሲሞትብን ለቅሶ ተቀምጠን፣ ሠልስትና አርባ አውጥተን ነው የሚወጣልን፤ ሁለት ልጆች ላጠባሁበት ጡቴ ግን ማንም «እግዚአብሔር ያጽናሽ» አላለኝም።

አንዲት የሰፈራችን ሴት ብቻ መጣች። ብዙም አልተናገረችም። ሰው ሲቀንስ በሩን ዘግታ ቀሚሷን ዝቅ አደረገችና ጠባሳዋን አሳየችኝ። ከብብቷ እስከ ደረቷ መሐል የሄደ፣ ነጥቶ እንደ ፈትል የቀጠነ መስመር ነበር። የዚያን ዕለት ማታ ለመጀመሪያ ጊዜ መስታወት ፊት ቆምኩ። አንቺ ግን ካልደረሰልሽ አትቸኩዪ።

ስለ ክንድሽ አጥብቄ ልንገርሽ። ከብብቴ ንፍፊቶች ስለተወሰዱ ክንዴ እንደ እንጨት ደርቆ ነበር። የክንዴ ውስጠኛ ክፍል እስከ ዛሬ ድንዝዝ ይላል፤ በብብት በኩል የሚያልፍ ነርቭ ስለሚነካ ብዙዎቻችን ላይ የሚደርስ ነው። የፈሳሽ ማስወገጃው ቱቦ ከወጣልኝ በኋላ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያዋ ቀላል ነገር አሳየችኝ፦ ከግድግዳ ፊት ቆሞ በጣቶች እንደ ሸረሪት ወደ ላይ መውጣት። የደረስኩበትን በማእድ ቤቱ በር አጠገብ በእርሳስ አሰምር ነበር። የመጀመሪያዋ መስመር ከአገጬ ትይዩ ናት፤ ሳምንቱን ሙሉ ከእርሷ አላለፍኩም። ከዚያ ደግሞ ብብቴ ውስጥ እንደ ክራር ክር የተወጠረ ነገር ወጣ። በሽታው የተመለሰ መስሎኝ ሌሊቱን ዓይኔን አልከደንኩም። ሐኪሜ ዳስሶ፣ ንፍፊት ከተነሣ በኋላ የሚከሰት እንደሆነና በእንቅስቃሴ እንደሚላላ ነገረኝ። በሁለት ወር ውስጥ ላላ። ፀጉሬን በዚያ እጄ ያበጠርኩ ዕለት እልል አልኩ።

እስኪፈቀድልሽ ውኃ የሞላ ጀሪካን አታንሺ። ምጣድ አጠገብም ያንን እጅ ጠብቂው፤ ቃጠሎና ቁስል ኢንፌክሽን ያመጣል፣ ኢንፌክሽኑም ክንድ ያሳብጣል። ክንድሽ ከቀላ፣ ከጋለ፣ ካበጠ ወይም ትኩሳት ከመጣብሽ ቀጠሮ ሳትጠብቂ ሂጂ።

የናሙናው ውጤት ቅጂ ከእጅሽ አይለይ። ካንሰሩ የሆርሞን ተቀባይ፣ ማለትም የሴት ሆርሞን ተቀብሎ የሚያድግበት ነገር፣ አለው ወይስ የለውም የሚለው ቀጣዩን ሕክምና ከሚወስኑት ነገሮች አንዱ ነውና ጠይቂ። የእኔ ስለነበረው ያንን ሆርሞን የሚያግድ ታሞክሲፌን የተባለ ኪኒን በየቀኑ ለ5 ዓመት ዋጥኩ። ድንገተኛ ሙቀትና ላብ ያስቸግራል፣ በዚያ ጊዜ ማርገዝም አይፈቀድም፤ ነገር ግን በሽታው የመመለስ ዕድሉን ይቀንሳል። አንዲት ዘመዴ ጠበል ስጀምር መድኃኒቱን እንድተው መከረችኝ። የነፍስ አባቴን ብጠይቃቸው ጠበሉንም እንድጠጣ፣ መድኃኒቱንም እንዳላቋርጥ አዘዙኝ። እንደዚያው አደረግሁ።

ፒያሳ አካባቢ እንደምትኖሪ ጽፈሻል። እኔ ዘወትር ማለዳ ከአራት ኪሎ ተነሥቼ ስድስት ኪሎ እስከ የካቲት 12 ሐውልት ድረስ በእግሬ እሄዳለሁ፤ ከቀዶ ሕክምናው በኋላ የጀመርኩት ነው። አቅም ሲኖርሽ ጻፊልኝ፣ አብረን እንሂድ። ማየት ከፈለግሽ እኔም ጠባሳዬን አሳይሻለሁ።