የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ ለትልቅ ሞዴል አውሮፕላን የቤንዚን ሞተር ይሻላል ወይስ የግሎው?

ጥያቄ፦ የምኖረው በአሜሪካ፣ ቨርጂኒያ ነው። የፓይፐር ከብ አውሮፕላንን ሩብ መጠን ሞዴል በእንጨት እየሠራሁ ሲሆን፣ ክንፉ ከጫፍ እስከ ጫፍ 2.7 ሜትር ነው፤ ሲያልቅም 9 ኪሎ ግራም ገደማ ይመዝናል ብዬ እገምታለሁ። እስካሁን ያበረርኳቸው ትናንሽ ሞዴሎች በሙሉ የግሎው ሞተር (ነዳጁን በጋለ ሽቦ የሚያቀጣጥል፣ በሜታኖል የሚሠራ ሞተር) ያላቸው ነበሩ። አንድ ወዳጄ 20 ሲሲ ባለ አራት ምት የግሎው ሞተሩን በርካሽ ሊሸጥልኝ ፈቃደኛ ነው፤ ሌሎች ግን ጨምረህ 30 ሲሲ የቤንዚን ሞተር ግዛ ይሉኛል። የትኛውን ልምረጥ?

መልስ፦ ለእርስዎ ሞዴል የቤንዚኑን እንመክራለን፤ ምክንያታችንም በመጀመሪያ ደረጃ የአውሮፕላኑ ሚዛን ነው። በቤንዚን ሞተር ላይ ዘወትር የሚነሣው ቅሬታ ክብደቱ ነው፤ ከሞተሩ ሌላ ለካንዴላው ብልጭታ የሚሰጠው የእሳት መስጫ ሳጥንና የራሱ ባትሪ ይጨመርበታል። ከብ ግን አፍንጫው አጭር፣ ጅራቱ ረጅም በመሆኑ፣ ቀላል ሞተር የገጠሙለት ሰዎች ሚዛኑን ለማስተካከል ከፊት እርሳስ ለመጫን ይገደዳሉ። ምንም ሥራ የማይሠራ እርሳስ ከሚሸከሙ ያንኑ ክብደት በሞተርና በባትሪ መልክ ቢያስቀምጡት እጅግ ይሻላል። ስለዚህ ሞተሩን ከመግዛትዎ በፊት አካሉን ገጣጥመው፣ ሰርቮዎቹን (መሪዎቹን የሚያንቀሳቅሱትን ትናንሽ ሞተሮች) በቦታቸው አስቀምጠው፣ አፍንጫው ላይ ስንት ግራም ሲጨምሩ ሚዛኑ እንደሚቆም በኩሽና ሚዛን ይለኩ። አፍንጫው ረጅም በሆነ ሞዴል ላይ ይኸው ክብደት ጉዳት ሊሆን ስለሚችል ምክራችን ለሁሉም አውሮፕላን የሚሠራ አይደለም።

ሁለተኛው ጉዳይ ነዳጁ ነው። የግሎው ነዳጅ የሜታኖል፣ የዘይትና የናይትሮሜቴን ድብልቅ ነው። 1 ኪሎ ግራም ሜታኖል ሲቃጠል የሚሰጠው ኃይል 1 ኪሎ ግራም ቤንዚን ከሚሰጠው ግማሽ እንኳ አይሞላም፤ በዚህም የተነሣ ተመሳሳይ ሥራ የሚሠራ የግሎው ሞተር ከሁለት እጥፍ በላይ ነዳጅ ይጠጣል፤ ዋጋውም ከማደያ ቤንዚን ብዙ እጥፍ ነው። በየሳምንቱ መጨረሻ የሚያበር ሰው በሞተሩ ዋጋ ያተረፈውን ገንዘብ በነዳጅ መልሶ ይከፍለዋል። በዚያ ላይ ከግሎው ነዳጅ ውስጥ ብዙውን ጊዜ ከ15 እስከ 20 በመቶ የሚሆነው ዘይት ነው፤ አብዛኛው ሳይቃጠል በማርሚታው ወጥቶ በክንፉና በሆዱ ላይ ይለጠፋል። በቤንዚን ሞተር ግን ለ1 ሊትር ቤንዚን 30 ሚሊ ሊትር ገደማ የሁለት ምት ዘይት ስለሚበቃ፣ ከበረራ በኋላ በጨርቅ ማበስ ብቻ ይቀራል። በአውሮፓ ያሉ አንባቢዎቻችን ደግሞ ከየካቲት 2021 ጀምሮ በአውሮፓ ኅብረት አገሮች ናይትሮሜቴኑ ከ16 በመቶ የሚበልጥ ነዳጅ ያለ ፈቃድ ለግለሰብ እንደማይሸጥ ያስታውሱ።

የግሎው ሞተር የራሱ ክብር አለው፤ ይህንን መካድ አንፈልግም። ካንዴላው ውስጥ ያለው የፕላቲነም ጥምዝ ሽቦ በባትሪ ከጋለ በኋላ ከሜታኖሉ ጋር በሚፈጠረው ኬሚካዊ ሂደት ራሱን እንደጋለ ስለሚያቆይ፣ በአየር ላይ ሽቦም ባትሪም አያስፈልገውም። ከ15 ሲሲ በታች፣ ወይም በዓመት ጥቂት ጊዜ ብቻ ለሚበር ሞዴል እኛም የምንመርጠው እርሱን ነው። ባለ አራት ምቱ ደግሞ ድምፁ ለከብ እጅግ ይስማማል።

የቤንዚኑን ከገዙ የሚለወጡ ልማዶች አሉ። የእሳት መስጫ ሳጥኑንና ሽቦዎቹን ከሪሲቨሩ (የሪሞቱን ምልክት ከሚቀበለው ሳጥን) ቢያንስ 30 ሴንቲ ሜትር ያርቁ፤ ባትሪያቸውንም አያጋሩ። ከሪሞቱ ላይ እሳቱን የሚያቋርጥ ማጥፊያ መግጠም ግዴታዎ አድርገው ይቁጠሩት፤ ምክንያቱም እሳቱ ክፍት ሆኖ ፕሮፔለሩን በእጅ ማዞር ሞተሩን ሊያስነሣውና ጣት ሊቆርጥ ይችላል። በአሜሪካ ማደያዎች የሚሸጠው ቤንዚን በአብዛኛው እስከ 10 በመቶ ኢታኖል ያለበት ስለሆነና የካርቡሬተሩን ዲያፍራም (ነዳጅ የሚስበውን ስስ ሽፋን) ስለሚያደርቅ፣ ለሳምንታት የማያበሩ ከሆነ ታንኩን ባዶ ያድርጉ፤ በካርቡሬተሩ ውስጥ የቀረውም እስኪያልቅ ሞተሩን ያስነሡት።

ጥያቄ፦ አዲስ አበባ ነው የምኖረው። ወንድሜ ከውጭ ሞተር ሊያመጣልኝ ነው። በከተማችን ከፍታ ላይ ከሁለቱ ኃይሉን የማይቀንሰው የትኛው ነው?

መልስ፦ ሁለቱም ይቀንሳሉ። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ላይ ስለምትገኝ አየሩ ከባሕር ዳርቻው በአንድ አምስተኛ ገደማ ይሳሳል፤ የሞተሩም ኃይል በዚያው መጠን ይወርዳል። ስለዚህ ለሞዴሉ ከሚመከረው አንድ ደረጃ ከፍ ያለ ሞተር ይምረጡ። ክንፉም ስስ አየር ስለሚያገኝ አውሮፕላኑ ለመነሣት ከ10 በመቶ በላይ ተጨማሪ ፍጥነት ይፈልጋል፤ ረዘም ያለ ሜዳ ያዘጋጁ። ካርቡሬተሩ ለዝቅተኛ ቦታ ተስተካክሎ የመጣ ከሆነ ነዳጁ ስለሚበዛ ካንዴላው ይጠቁራል፣ ሚኒሞውም (ሞተሩ ነዳጅ ሳይሰጠው በዝግታ የሚዞርበት ፍጥነት) ይረበሻል። ሞተሩ በደንብ ከሞቀ በኋላ መጀመሪያ የዝቅተኛውን፣ ቀጥሎ የከፍተኛውን ፍጥነት መርፌ በአንድ ስምንተኛ ዙር እያጠበቡ ያዳምጡት።

ለእርስዎ ምርጫውን የሚወስነው ግን የነዳጁ አቅርቦት ነው። ቤንዚን ከማደያ ይገኛል፤ የግሎው ነዳጅ ግን ተቀጣጣይ ፈሳሽ ስለሆነ በመንገደኛ ሻንጣ ፈጽሞ አይመጣም። ሜታኖልን ከሌላ ቦታ ቢያገኙ እንኳ መርዛማነቱን፣ ነበልባሉም በቀን ብርሃን ለዓይን የማይታይ መሆኑን አይዘንጉ። ወንድምዎ ያገለገለ ሞተር የሚያመጣ ከሆነም ከነዳጅ ሙሉ በሙሉ ባዶ ማድረግና ሽታው እስኪጠፋ ማጽዳት አለበት፤ ያለዚያ አየር ማረፊያ ላይ ሊያዝበት ይችላል።

ጥያቄ፦ የግሎው ሞተሬን ታንክና ቱቦ ለቤንዚን ልጠቀምበት?

መልስ፦ የፕላስቲክ ታንኩን ብዙውን ጊዜ አዎ፤ የሲሊኮን ቱቦውንና የጎማ ክዳኑን ግን አይሆንም። ሲሊኮን በቤንዚን ውስጥ ያብጣል፣ ይላላል፣ ከመዳብ ቱቦውም ላይ ይሾልካል። ለቤንዚን የተሠራ ቱቦና ክዳን ይግዙ፤ ታንኩ ውስጥ ያለውን፣ ነዳጁን የሚስበውን ተወዛዋዥ ቱቦም መለወጥ አይርሱ፤ ከውጭ ስለማይታይ ብዙዎች የሚዘነጉት እርሱን ነው።