«በዚህ ዕድሜሽ ጭፈራ?» እና ሌሎች የአንባቢዎች ጥያቄዎች

በዚህ ዕትም ሦስት ደብዳቤዎች መርጫለሁ። ሦስቱም ስለ ውዝዋዜ ናቸው፤ ሦስቱም የመጡት ሙያተኛ ሳይሆኑ በሰፈር ወይም በማኅበረሰብ የዳንስ ቡድን ውስጥ ከሚጨፍሩ፣ ወይም መጨፈር ከሚፈልጉ ሰዎች ነው። የመጀመሪያው ላይ ትንሽ እቆያለሁ።

ጥያቄ፦ ሰላም እህቴ። 39 ዓመቴ ነው፤ አዲስ አበባ ውስጥ የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ፣ የሁለት ልጆች እናትም ነኝ። የሥራ ባልደረባዬ ጎትታኝ ሰፈራችን ያለው ወጣት ማዕከል ውስጥ የሚለማመድ የውዝዋዜ ቡድን ገባሁ። ተማሪ አለ፣ ነርስ አለች፣ የታክሲ ሹፌር አለ፣ ጡረታ የወጡ መምህርም አሉ። ማክሰኞና ዓርብ ማታ እንለማመዳለን፤ አንዳንዴ ትምህርት ቤትና የአረጋውያን ማዕከል ሄደን እናሳያለን። ከልምምድ ስወጣ ሌላ ሰው ነኝ። ቤት ስገባ ግን አማቴ «በዚህ ዕድሜሽ ጭፈራ?» ይሉኛል። ባለቤቴ ምንም አይልም፤ ዝምታው ግን ይከብደኛል። ገንዘብ አላገኝበት፣ ዝነኛ አልሆንበት፣ ታዲያ ምኑ ነው እንዲህ የያዘኝ? ራስ ወዳድ ሆኜ ይሆን?

መልስ፦ ራስ ወዳድ አይደለሽም እህቴ። ይህን አስቀድሜ ልንገርሽና ወደ «ምኑ ነው የያዘኝ» እንሂድ።

ቀኑን ሙሉ ከቁጥር ጋር ትውያለሽ። ስህተት ሲገኝ ትጠሪያለሽ፣ ስህተት ከሌለ ማንም አያስታውስሽም። ቤት ስትገቢ ደግሞ እናት፣ ሚስት፣ ምራት ነሽ፤ እራቱ ይጠብቅሻል፣ የልጆቹ የቤት ሥራ ይጠብቅሻል። ልምምድ ላይ ሌላ ነገር ነው የሚሆነው። ቦታሽ ላይ ካልቆምሽ ከጎንሽ ያለችው በማን በኩል እንደምትዞር ይጠፋባታል። አንቺ ከቀረሽ ረድፉ ይጎድላል፣ ጉድለቱም በሌላ ሰው አይሞላም፣ ምክንያቱም ሌላው ሰው የራሱ ቦታ አለው። የያዘሽ ይሄ ይመስለኛል። ሰው በአካል ሲጠበቅ፣ መጣች ተብሎ ሲታይ፣ ነፍሱ ትረካለች።

ክብ ተሠርቶ ሲጨፈር ዳር ያሉትን አስተውለሽ ታውቂያለሽ? አንዱ ያወጣል፣ ሌላው ይቀበላል፣ ከበሮው ይመታል፣ ሁለት ሰው መሐል ይገባና ፊት ለፊት ይተያያል። ትከሻው ከመነሳቱ በፊት ትንፋሽ አለ። እስክስታ የገባት ሰው የባልደረባዋን ደረት እያየች ትንፋሿን አብራው ትይዛለች፤ እሱ ሲለቅ እሷም ትለቃለች፣ ትከሻው የሚወርደውም ያኔ ነው። ዳር ያለው ጭብጨባ ከላላ ደግሞ መሐል ያሉት ወዲያው ይቀዘቅዛሉ። ስለዚህ ዝም ብሎ የሚያይ ሰው የለም፤ የሚያጨበጭበውም እየጨፈረ ነው። እናንተ ወጣት ማዕከል ውስጥ የምታደርጉት ይህንኑ ነው፣ መብራቱና ወለሉ ቢለይም።

ሳይንሱም የሚለው አለው። በፈረንጆቹ 2015 በወጣ ጥናት የኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ብራዚል ውስጥ ተማሪዎችን በትናንሽ ቡድን አስጨፈሩ። አንዳንዱ ቡድን አንድ ዓይነት እንቅስቃሴ በአንድ ላይ ያደርጋል፣ ሌላው ሁሉም የየራሱን። ከዚያ የደም ግፊት መለኪያ ክንዳቸው ላይ አስረው እየነፉ «በቃ፣ አመመኝ» እስኪሉ ጠበቁ። በአንድ ላይ የጨፈሩት ሕመሙን የበለጠ ቻሉት፤ ከቡድናቸው ልጆች ጋርም ይበልጥ እንደተቀራረቡ ተናገሩ። ሰውነት ደከም ሲል የሚመጣ እፎይታ አለ፣ ከሌላ ሰው ጋር በአንድ ምት ሲሄድም የሚመጣ አለ። አንቺ ሁለቱንም በአንድ ማታ ታገኛቸዋለሽ፤ ታዲያ ሌላ ሰው ሆነሽ ብትወጪ ምን ይገርማል?

ገንዘብም ዝናም የለውም ስላልሽው ደግሞ አንድ ነገር ልንገርሽ። በፈረንጆቹ 1996 ሮይስተን ማልዱም የሚባል እንግሊዛዊ ኮሪዮግራፈር (ዳንስ የሚያቀናብር ባለሙያ) አዲስ አበባ መጥቶ መቶ ያህል የጎዳና ልጆችን ይዞ «ካርሚና ቡራና» የተባለውን የካርል ኦርፍ የመዘምራንና የኦርኬስትራ ሙዚቃ በዳንስ ሠራ። ከነሱ መሐል 18ቱ ለአምስት ዓመት ሠለጠኑ፣ አዱኛ የማኅበረሰብ ዳንስ ቲያትርም ከዚያ ተወለደ። ጁነይድ ጀማል ሰንዲና አዲሱ ደምሴ የዚያ ፍሬ ናቸው፤ በኋላ አዲስ አበባ ውስጥ ዴስቲኖ ዳንስን አቋቁመዋል። ጁነይድ በፈረንጆቹ 2004 ወጣት አርቲስቶችን ከታወቁ ባለሙያዎች ጋር በሚያገናኘው በሮሌክስ የጥበብ ፕሮግራም ከጃፓናዊው ኮሪዮግራፈር ሳቡሮ ተሺጋዋራ ጋር እንዲሠራም ተመርጧል። ይሄ ሁሉ ደስ ይላል፤ እኔን ይበልጥ የሚነካኝ ግን ልጆቹ ሲሠለጥኑ መጨፈር ብቻ ሳይሆን ማስተማርም መማራቸው ነው። ትናንት «ዞር በል» ሲባል የነበረ ልጅ ዛሬ ሌላውን ልጅ «እዚህ ጋ ቁም፣ እኔን እያየህ ጀምር» ይላል። አስቢው። ያን ልጅ ጭብጨባ ብቻውን ምን ያደርግለት ነበር?

ነገሩ ከውጭ የመጣም አይደለም። ሻደይ፣ አሸንድዬ፣ ሶለል ነሐሴ በመጣ ቁጥር የሚጨፈሩት በሰፈር ልጃገረዶች ነው። በደርግ ጊዜ ደግሞ ቀበሌው ሁሉ የራሱ ኪነት ነበረው፤ ቀን ተማሪ ወይም ሠራተኛ የሆነ ሰው ማታ ቀበሌ አዳራሽ ውስጥ ሲለማመድ ያመሻል። ፖለቲካው ተጭኖት እንደነበር አይካድም፣ ብዙዎች የታዘዙትን ነው የዘፈኑት። ቢሆንም ያኔ ኪነት ውስጥ የነበረ ጎረቤት ካለሽ ጠይቂው። መፈክሩን ረስቶት ይሆናል፤ በቀኙ ማን እንደቆመ፣ ማን ምት ይሰብር እንደነበር፣ ማን ለልምምድ ሁሌ ያረፍድ እንደነበር ግን አንድ በአንድ ይነግርሻል።

ወደ አማትሽ ልምጣ። በእሳቸው ዘመን ተወዛዋዥ መባል ከስድብ አይለይም ነበር፤ መድረክ ላይ በመውጣታቸው ከቤተሰብ የተጣሉ ሴቶች ብዙ ናቸው። የሚፈሩት የሰው አፍ ይመስለኛል፣ ለአንቺም አስበው ነው። ስለዚህ አትከራከሪያቸው። ቡና ላይ ቁጭ ስትሉ በልጅነታቸው ምን ይጨፈር እንደነበር፣ ሠርጋቸው ላይ ማን ከበሮ እንደመታ ጠይቂያቸው። ሃይማኖት ካነሱብሽም ማኅሌት ላይ ሊቃውንቱ መቋሚያና ጸናጽል ይዘው ሲያሸበሽቡ ያደሩበትን ሌሊት ከእኔም ከአንቺም ይልቅ እሳቸው ያውቁታል። ያና የእናንተ ቡድን አንድ ነው አልልም፣ አይደለምም። ሰውነት ከዜማ ጋር መንቀሳቀሱ በራሱ ነውር እንዳልሆነ ግን አይጠፋቸውም።

ባለቤትሽን ደግሞ በግልጽ አናግሪው። ዝም ያለ ሰው ሁሉ ተቃዋሚ አይደለም። ማክሰኞና ዓርብ ልጆቹን እራት አብልቶ የሚያስተኛው እሱ ከሆነ ደክሞት ሊሆን ይችላል፤ ምናልባትም እሱ የራሱ የሚለው ማታ የለውም። እንዲኖረው አድርጉ። ኳስ ይሁን፣ ጓደኞቹ ይሁኑ፣ ያን ማታ አንቺ ቤት ትሆኛለሽ። አንድ ቀን ደግሞ ከነልጆቹ ወደ ልምምዱ ውሰጃቸው። ትርኢቱን ሳይሆን ልምምዱን ይዩት፤ ስትሳሳቺ፣ ስትስቂ፣ እንደገና ስትጀምሪ። ልጆችሽ እንዲህ ሆነሽ ስንት ጊዜ አይተውሽ ያውቃሉ?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። እስራኤል ተወልጄ ያደግሁ፣ ወላጆቼ ከጎንደር የመጡ የ24 ዓመት ወጣት ነኝ። አማርኛዬ የቤት ነው፣ ይቅርታ። ሃይፋ አካባቢ እስክስታን ከዘመናዊ ዳንስ ጋር የሚቀላቅል ቡድን ውስጥ እጨፍራለሁ። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ኢትዮጵያዊነቴም እዚህ ማደጌም አንድ ሰውነት ውስጥ የተስማሙት እዚያ ነው። አባቴ ግን ትርኢቱን መጥቶ አየና «ይሄ የኛ አይደለም» ብሎ መሐል ላይ ወጣ። ከዚያ ወዲህ ስጨፍር ትከሻዬ ይከብደኛል። ልተወው ወይስ ልቀጥል?

መልስ፦ ወንድሜ፣ አማርኛህ ልብ ውስጥ ይገባል፣ ይቅርታ አያስፈልገውም። ቀጥል።

የምትሠሩት ነገር እናንተ ሀገር ታሪክ አለው። በፈረንጆቹ 1995 ሩት ኤሼል የምትባል የዳንስ ባለሙያ ከሃይፋ ዩኒቨርሲቲ ኢትዮጵያውያን ተማሪዎች ጋር «እስክስታ» የሚባል ቡድን መሥርታ ነበር፤ ከዓመታት በኋላም «ቤታ» የተባለው ተከተለ። ትከሻውና አንገቱ ከቤታቸው የመጣ፣ አሠራሩ የዘመናዊ መድረክ። ከአንተ በፊት ይህን ጥያቄ በሰውነታቸው የጠየቁ ወጣቶች ነበሩ ማለት ነው።

እስክስታ እኛ ጋም ተለውጧል። ሀገር ፍቅር ቲያትር በ1927 ዓ.ም. ከተመሠረተ ወዲህ፣ በኋላም ሌሎቹ ቲያትር ቤቶች ሲመጡ፣ ውዝዋዜው ከሜዳ ወደ መድረክ ወጣ። ሜዳ ላይ ክብ የነበረው መድረክ ላይ ፊቱን ወደ ተመልካች ያዞረ ረድፍ ሆነ። ልብሱ አንድ ዓይነት ሆነ፣ የየክፍለ ሀገሩ ጭፈራ እየተቆረጠ በአንድ ምሽት ተደረደረ። ቀላል ለውጥ አይደለም። ዛሬ ግን «ባህላዊ» የምንለው እሱኑ ነው።

ይህን ስልህ ግን አባትህ ተሳስተዋል እያልኩ አይደለም። ከጎንደር ይዘዋቸው ከመጡት ነገሮች ሰው ሊወስድባቸው የማይችለው ትከሻቸው ውስጥ ያለው ነበር። እሱን መድረክ ላይ ተቀይሮ አዩት፤ ማንም ደግሞ አላማከራቸውም። እኔ ብሆን ይከፋኝ ነበር።

እንዲህ አድርግ። ቤት ውስጥ፣ ሰው በሌለበት፣ «አባዬ፣ አሳየኝ» በለው። የቡድኑን ነገር አታንሳ። ጉልበቱን እንዴት ለቀቅ እንደሚያደርግ፣ እግሩ የት እንደሚቆም፣ መቼ እንደሚተነፍስ እይ። ቪዲዮ አትቅረጽ፣ በሰውነትህ ያዘው። የዘመናዊውን የምትቀላቅልበት ነገር በእጅህ ሲኖር ነው መቀላቀሉ ጣዕም የሚኖረው፤ እስክስታን ከቪዲዮ ብቻ ለቅሞ መቀላቀል ያስታውቃል፣ አባትህም ምናልባት ያዩት ይህን ነው። ቆይቶ ፈቃደኛ ከሆኑ አንድ ማታ ቡድኑ ጋ ውሰዳቸው፣ አሠልጣኟም ወንበር ሰጥታ እንድታስቀምጣቸው ሳይሆን እንዲያስተምሩ ትጠይቃቸው። እምቢ ካሉም አትገፋፋ። አንተ ግን ቦታህን አትልቀቅ፤ ከጎንህ የሚጨፍሩት ልጆችም የየራሳቸው አባት አላቸው።

ጥያቄ፦ ከሐዋሳ ነኝ። በልጅነቴ ፖሊዮ ይዞኝ በሁለት ክራንች ነው የምሄደው። ሰፈራችን የዳንስ ቡድን አለ፤ በመስኮት አያቸዋለሁ፣ ቤት ገብቼ ተቀምጬ ትከሻዬን እሞክራለሁ። መጠየቅ ግን አፍራለሁ። ያዝኑልኛል ብዬ እፈራለሁ።

መልስ፦ ግባና ጠይቅ ወንድሜ። እስክስታን ቁጭ ብለህ ጀምረኸዋል እኮ፤ ትከሻ፣ ደረትና አንገት ነው የሚፈልገው።

አካል ጉዳተኛና አካል ጉዳት የሌለበት ሰው አብረው የሚጨፍሩበት አሠራር በዓለም ላይ የታወቀ ነው። ለንደን ውስጥ በፈረንጆቹ 1991 ካንዶኮ የሚባል ቡድን የተመሠረተው ለዚሁ ነው። ከመሥራቾቹ አንዱ አዳም ቤንጃሚን በኋላ አዲስ አበባ መጥቶ ከላይ ካነሳሁት ከአዱኛ ጋር ሠርቷል፣ በዚያም አካል ጉዳተኛ ወጣቶች ሠልጥነው መድረክ ላይ ወጥተዋል። ስለዚህ አሠልጣኙ «እንዲህ ያለ ነገር አይቼ አላውቅም» ቢልህ፣ አንተ ስለ ሀገርህ የምትነግረው አለህ።

ስትሄድ ተግባራዊውን ነገር ጠይቅ። ደረጃ አለ ወይ? ወለሉ ያንሸራትታል? የክራንችህ ጫፍ ላስቲክ አልቆ ከሆነ ከመሄድህ በፊት ቀይረው፣ ሲጨፈር ይበልጥ ያንሸራትታል። ክራንች ላይ ስትውል ክንድህና ትከሻህ ብዙ ስለሚሠሩ ከሌሎቹ ቀድመው ሊደክሙ ይችላሉ፤ እንዲያሳርፉህ ንገራቸው። ማዘናቸውን እንዴት ታውቃለህ? እርማት ካልሰጡህ። ስትሳሳት ሌላውን እንደሚያርሙ አንተንም ካረሙህ፣ ስታረፍድ እንደሌላው ከተቆጡህ፣ ከነሱ ጋር ነህ። የሠራኸውን ሁሉ «ጎበዝ፣ ጎበዝ» ብቻ የሚሉህ ከሆነ «እኔንም አርሙኝ» በላቸው። ብዙ ጊዜ ሰው የሚያደርገውን ስለማያውቅ ነው።

ካልተቀበሉህ ደግሞ እንደገና ጻፍልኝ። ሐዋሳ ትልቅ ከተማ ናት፣ ሌላ ቡድን አብረን እንፈልጋለን።